መታገሥ ዝም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለሰላም ምሕላ ከያዝን ስንት ጊዜ ሆነን። ጦርነቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቆመም። ምክክር ይባላል፤ እኛ ዘንድ የደረሰ ነገር የለም። ንስሐ አባቴ «ታገሺ» ይሉኛል። መታገሥ ዝም ማለት ነው? (አንዲት እኅት ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እኅቴ፣ ንስሐ አባትሽ ልክ ናቸው፤ የተበላሸው እኛ ለቃሉ የሰጠነው ትርጉም ነው። የምሕላውን ሥርዓት ታውቂዋለሽ፤ እሱን ልተወው። ደጋግሞ የሚገጥመኝ ግን ይህ ነው፦ ሰዉ ሰባት ቀን እግዚኦታ አድርሶ በስምንተኛው ቀን ሰላምን እንደ ዕዳ ይጠብቃል። ሲቀርበት ወይ ጸሎቱን ይተዋል፣ ወይ «እንግዲህ ትዕግሥት ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ያዕቆብ የትዕግሥት ምሳሌ ያደረገው ገበሬን ነው (ያዕ. 5፥7)። ጤፍ የሚዘራ ሰው ገምሶ፣ አራት አምስት ጊዜ አርሶ፣ በሐምሌ ይዘራል። በመስከረም ማጭድ አያነሣም፤ አረሙን ትቶ ተኝቶም «እየታገሥኩ ነው» አይልም።

ፕሪቶሪያ ላይ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት የሰሜኑን ጦርነት አስቆመ፤ ተፈናቃዩን ሁሉ ግን ወደ ቤቱ አልመለሰም። የምክክር ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 2014 በአዋጅ ተቋቋመ፤ ለኮሚሽነሮቹ የተሰጠው 3 ዓመት ሲያልቅ በየካቲት 2017 አንድ ዓመት ተጨመረ። መዘግየቱ ያማል፤ ያማል ማለትሽም ኃጢአት አይደለም። ግን ደም ሲደርቅ አይተሻል። ሽማግሌ ይላካል፣ የሟች ወገን እምቢ ይላል፣ ሽማግሌው ደግሞ ይመለሳል፤ ጥፋቱ ይታመናል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ መሐላው ከዚያ በኋላ ነው። ጥፋቱ ሳይታመን ቶሎ የተጨባበጡ እንደሆነ ቂሙ ውስጥ ውስጡን ያመረቅዛል። የሁለት ቤተሰብ ደም እንዲህ ካደከመ፣ የአገር ደም ምን ያህል ያደክም?

«በቅርብ ቀን ያበቃል» የሚልሽን፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ተጠንቀቂው። ሐሰተኛው ነቢይ ሐናንያ የባቢሎን አገዛዝ በሁለት ዓመት ያልቃል ብሎ ከኤርምያስ አንገት የእንጨቱን ቀንበር ሰበረ፤ በፋንታው የመጣው የብረት ቀንበር ነበር (ኤር. 28)። ኤርምያስ ግን ለምርኮኞቹ 70 ዓመት ነግሮ፣ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ለከተማይቱም ሰላም ጸልዩ ብሎ ጻፈላቸው።

ዝምታውንስ ማን አዘዘሽ? ጌታ ሳይታክቱ ስለ መጸለይ ሲያስተምር ያነሣት መበለት ዳኛውን በመመላለስ ያሰለቸችው ናት (ሉቃ. 18፥1-8)። እንደ እርሷ ወደ ሹሙ ሂዱ፤ ሦስት አራት ሆናችሁ፣ በጽሑፍ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዛችሁ። «ሰላም መቼ ይመጣል?» ብላችሁ ብትጠይቁ መላሽ አታገኙም። «ትምህርት ቤቱ በየትኛው ቀን ይከፈታል? ማዳበሪያው ከሰኔ በፊት ይገባል?» በሉ። ቀኑን ጻፉ፣ ቅጂውን አስቀሩ፣ በቀጠሮው ተመለሱ። ስድብና ዛቻ አትጨምሩበት፤ የተሰደበ ሹም ጥያቄውን ትቶ ስድቡን ይመልሳል።

ምሕላውንም አታቋርጡ። የሞቱትን ስም ስታስጠሩ ግን ከሌላው ወገን የሞቱትንም አስገቡ፤ የክርስትና ስማቸውን የሚያውቅ ዘመድ በመካከላችሁ አይጠፋም።