ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ያልነገርኳችሁ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ፣ የኮሌጅ ተማሪ ናት፣ ቡና ላፍላልሽ ብላ መጣችና ጀበናውን በሁለት እጇ አነሣችው። ምነው ስላት «ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ ይደርቁብኛል እትዬ፤ እስክሪብቶ መያዝ ያቅተኛል። አራት ሰዓት ሲሆን ይለቀኛል። ዳይክሎ እየዋጥኩ ነው» አለችኝ። ማን ሸጠልሽ አላልኳትም። ፍኖተ ሰላም ላይ ለ31 ዓመት መድኃኒት ስሸጥ የኖርኩ ድራጊስት ነኝ፤ ያንን የሕመም ማስታገሻ ክኒን፣ ዳይክሎፌናክን፣ ያለ ሐኪም ወረቀት በስንት ሰው መዳፍ ላይ እንዳስቀመጥኩ እግዜር ይቁጠረው። ቁርጥማት ለጀመራችሁ ወጣቶች ይህን የምጽፍላችሁም በዚያ ዕዳ ነው።

እኛ አገር ለቁርጥማት ስም አይጠፋለትም። ሪህ ይባላል፣ ብርድ ይባላል፣ ወላድ ከሆነች ደግሞ «አራስ ቤት ሳለች ብርድ ገብቷት ነው» ይባላል። እኔን የጀመረኝ በ1988 ዓ.ም፣ ሁለተኛ ልጄን በወለድኩ በአራተኛው ወር ነበርና ብርድ ነው አሉኝ፤ እኔም ተቀበልኩ። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው በሽታ ከወንድ ይልቅ ሴትን እንደሚያጠቃ፣ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ብቅ ማለት እንደሚወድ በትምህርት ቤት ደብተሬ ላይ ተጽፎ ነበር። ደብተሩ ሣጥን ውስጥ ነበረ፤ ሰው የሚያውቀውን በራሱ ላይ አያነብም።

ዳይክሎው አልበቃ ሲለኝ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ጠንካራ የስቴሮይድ ክኒን ጀመርኩ። ማን አዘዘልሽ አትበሉኝ፤ መደርደሪያው ከጀርባዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ተነሥቼ እንጀራ ጋገርኩ፣ አክንባሎውን በአንድ እጄ አነሣሁት። ፊቴ ክብ እያለ ሲመጣ ሰፈርተኛው «ኧረ ደህና ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ይለኝ ነበር። መድኃኒቱ ያሳበጠኝ መሆኑን ብቻዬን አውቅ ነበር፤ ግን ምስጋናውም አልከፋኝም። እንዲህ ሆኜ ሰባት ዓመት ሄደ።

በሽታው የሚሠራውን ልንገራችሁ። ሰውነታችንን ከተሕዋስያን ሊጠብቅ የተሰማራው መከላከያ ጌታውን ይስትና የገዛ መገጣጠሚያችንን ሽፋን ይወጋል። ሽፋኑ ያብጣል፣ ይወፍራል፣ ከዚያ ልም አጥንቱን፣ ቀጥሎም አጥንቱን ይበላል። ዳይክሎፌናክ ሕመሙንና እብጠቱን ያስታግሣል እንጂ መበላቱን አያቆምም። ውሻው እንዳይጮህ አፉን አስሮ ጅቡን በረት ውስጥ እንደመተው ነው። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ የውሻውን አፍ ሳስር ኖርኩ። ለደንበኞቼ የሸጥኩላቸውም ገመዱን ነበር።

በ1995 ዓ.ም በጾመ ፍልሰታ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ጠበል ወረድኩ። ሱባኤ ይዤ ክኒን ምን ያደርግልኛል ብዬ ፕሬድኒሶሎኑን ቤት ትቼው ሄድኩ። በአምስተኛው ቀን አስመለሰኝ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ እግሬ ከዳኝ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች መንፈሱ እየለቀቀኝ መስሏቸው እልል አሉ። ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት መሰሉን የራሱን ሆርሞን ማምረት ይተዋል፣ በአንድ ቀን ሲቋረጥ ደግሞ ሰው ሊሞት ይችላል። ጠበሉን የምትነቅፉበት ወሬ እንዳታደርጉት፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ያውም እያወቅሁ። በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ባሕር ዳር አደረሱኝ። አንድ ሐኪም ገና እጄን ሲጨብጠኝ ወደ ትንሿ ጣት የተጋደሙትን ጣቶቼን አይቶ «ስንት ዓመትሽ ነው?» አለኝ። ዕድሜዬን የጠየቀኝ መስሎኝ 41 አልኩት። የሕመሙን ዓመት ነበር የጠየቀኝ።

ስለዚህ ለእናንተ የምለው ይህ ነው። ጠዋት ለአንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ጣታችሁ ደርቆ ከቆየ፣ የሁለቱም እጅ አንጓዎች አንድ ላይ ካበጡ፣ ሲነኳቸው እንደ ሊጥ ለስለስ ካሉ፣ ይህም ሳምንታት ከቆየ፣ ወደ መድኃኒት ቤት ሳይሆን ወደ ሐኪም ሂዱ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት በዚህ በሽታ የወራት ጉዳይ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተያዘ ሰው ጣቱ ሳይጣመም ሊኖር ይችላል። የደም ምርመራው «የለም» ቢል ብቻውን አያዝናናችሁ፤ በሽታው እያለባቸው ደማቸው ላይ የማይታይባቸው አሉ። ደግሞም «ሪህ ነው፣ ሥጋና ምስር ተዪ» የሚላችሁ ብዙ ነው። ሥጋ የሚከለከለው ለሌላው፣ አብዛኛውን ጊዜ የእግር አውራ ጣትን ሥር በሌሊት ለሚያነድደው ሪህ ነው። እኔ ስንት ዓመት ከዶሮ ወጥ ተከልክዬ በፋሲካ ሽሮ እንደበላሁ ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

ሕክምናው ሜቶትሬክሴት ነው፤ ለብዙ ሰው የመጀመሪያው እሱ ነው። ታጋሽ ሁኑ፤ ሥራውን ለመጀመር ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚዋጠው። በሳምንት! አንዲት እናት ሌሎቹ ክኒኖች እንደሚዋጡት መስሏቸው በየቀኑ ዘጠኝ ቀን ወስደው አፋቸው ውስጡ ሁሉ ቆስሎ፣ ደማቸው ወርዶ በስንት መከራ ተርፈዋል። ቀን ምረጡና በግድግዳ ጻፉት። የእኔ ሰኞ ነው። በየጊዜው የጉበትና የደም ምርመራ አለው፤ ከአረቄ ጋር አይስማማም። እናንተ ሴቶች ልጆቼ ደግሞ፣ ፅንስ ይጎዳልና ልጅ ስታስቡ ከማርገዛችሁ በፊት፣ ወራት አስቀድማችሁ፣ ለሐኪማችሁ ንገሩ። እጮኛዬ ይተወኛል ብላችሁ የምትደብቁም አላችሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ የሚተዋችሁም ቢሆን በጊዜ ይተዋችሁ።

እኔ መድኃኒቱን ስጀምር የእጄ ጣቶችና ሁለቱ ጉልበቶቼ አልቀው ነበር። በ2007 ዓ.ም የክኒን ጠርሙስ መክፈት ሲያቅተኝ ሥራ ተውኩ። ወንድሞቼ የባሕር ዛፍ ተክላቸውን ሸጡና በ2008 ዓ.ም ኅዳር ላይ ጉልበቴን ላስቀይር አዲስ አበባ ወሰዱኝ። ጉልበቴ ስለማይዘረጋ የዓባይን በረሃ ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድሜ ነው የተሻገርኩት።

ወዲያው ይቆርጡኛል ስል አንገቴን ራጅ አስነሡኝ። ይህ በሽታ የላይኛውን የአንገት አጥንት ስለሚያላላ፣ ማደንዘዣ ሲሰጥ አንገት ክፉኛ ከተንቀሳቀሰ አደጋ አለው። የበሰበሰ መንጋጋ ጥርሴም ተነቀለ፤ ከአፍ የሚነሣ ተሕዋስ በደም ሄዶ አዲሱ ብረት ላይ ሊሰፍር ይችላልና። ያደነዘዙኝ ከወገቤ በታች ብቻ ስለነበር መጋዙንና መዶሻውን ሰማሁ። አናጢ ቤት ተኝቼ የምሰማ ነው የመሰለኝ፤ ሕመም ግን የለም። የተበላውን የአጥንት ጫፍ ይቆርጡና ከላይ ብረት፣ ከታች ብረትና ጠንካራ ፕላስቲክ በአጥንት ሲሚንቶ ያጣብቁበታል።

በማግሥቱ አቆሙኝ። ከባዱ ቀዶ ጥገናው እንዳይመስላችሁ፤ ከባዱ ፊዚዮቴራፒው ነው። የልጄ እኩያ የሆነ ወጣት ጉልበቴን እስከ 90 ዲግሪ ሊያጥፍ ሲገፋ «አንተ ጨካኝ» እያልኩ ሰድቤዋለሁ። እሱ ግን «እማማ፣ ዛሬ ካላጠፍነው ነገ እንደዚሁ ይደርቃል» ይለኝ ነበር። ልክ ነበር። ግራውን በዓመቱ አስቀየርኩ፤ ያን ጊዜ አልሰደብኩም።

ሐኪም ቤት ያልነገሩኝ ኑሮው ነው። የጉድጓድ ሽንት ቤት ላይ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ልጄ መሐሉ ቀዳዳ ያለው ከፍ ያለ ወንበር አሠራልኝ። በርጩማ ቀረ። የስቅለት ዕለት አብሮ አደጎቼ ወድቀው ተነሥተው ሲሰግዱ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የነፍስ አባቴ መጥተው «አንቺ ራስሽን ዝቅ አድርጊ፣ ይበቃሻል» አሉኝ። ግን ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በእግሬ ሄጄ ነበር። ስምንት ዓመት ያልሄድኩበት መንገድ ነው።

ስንት ዓመት ያገለግላል ትሉኝ ይሆናል። በ2019 እንደ ፈረንጆቹ የወጣ ትልቅ ጥናት ከ100 የጉልበት ቅያሪዎች 82ቱ 25 ዓመት ይቆያሉ ይላል። እኔ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ እስከ 79 ዓመቴ ማለት ነው። ይበቃኛል። ሃያ ዓመት ላይ ላላችሁት ግን አይበቃም፤ በወጣትነት የተቀየረ ጉልበት ዳግመኛ የመከፈት ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። የብረቱን ነገር ባነሣሁ ቁጥር የምትመኙት እንዳይሆን እፈራለሁ።

ጎረቤቴን ልጅ ትናንት ደብረ ማርቆስ ልኬያታለሁ፣ ከእናቷ ጋር። ዳይክሎውን ግን አልነጠቅኳትም፤ ሐኪም እስኪያያት ከምግብ በኋላ ትውጠው ብያለሁ፣ ጨጓራዋ ይጠበቅ።

ይህን የምጽፈው ሰኞ ማታ ነው። ክኒኔ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ክዳኑን ግን እኔ አልከፍተውም። የወንድሜ ልጅ ከገበያ እስኪመለስ እየጠበቅሁ ነው።