ጎዳና ላይ መንደፍ ለጀመራችሁ ልጆች

ይድረስ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ለወጣችሁ፤

አብዛኛው ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሳሳተው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ጠዋት ፒያሳ፣ ረፋድ ላይ መርካቶ፣ ከሰዓት ሾላ ይዞራል። ማታ ደብተሩን ሲገልጥ አሥር ያልተጨረሱ ሰዎች ያገኛል፤ አንዱ ራስ የለውም፣ ሌላው ከወገቡ በታች የለም። "ሰው አይቆምልኝም" ብሎ ያዝናል። እውነት ነው፣ የጎዳና ሰው አይቆምም። ግን ይመለሳል። ይህችን ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ቀስ እያለ ይመጣል።

አንድ ሊስትሮ ፈልጉና ለአሥር ደቂቃ ሳትነድፉ ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ሲቦርሽ ትከሻው ወደ ፊት ይወድቃል፣ ክርኖቹ ይከፈታሉ። ቀለም ሊያነሳ ሲል ወደ ሳጥኑ ዘንበል ይላል። ደንበኛው እግር እንዲቀይር ሳጥኑን በብሩሹ ጀርባ ኳኳ ሲያደርግ ደግሞ ጀርባው ቀና ይላል። ሦስት አቋም ናቸው፤ በእያንዳንዱ ጥንድ ጫማ ላይ ተደጋግመው ይመጣሉ። ስለዚህ ገጹ ላይ ሦስት ሰው ጎን ለጎን ጀምሩ። ልጁ አቋሙን ሲቀይር የጀመራችሁትን እንዳለ ትታችሁ ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ፤ ሲመለስ እናንተም ተመለሱ። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሦስቱም ይቆማሉ። በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ስታራግብ፣ ወያላው በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ፣ ቡና የምታፈላው ልጅ ጀበናውን ስታዘነብል፣ ሁሉም እንደዚሁ ነው። ሥራ ያለው ሰው እንቅስቃሴው ዙር አለው።

ለዚህ ነው አንድ ማዕዘን መርጣችሁ ወር ሙሉ እንድትመላለሱበት የምመክራችሁ። ለመጀመሪያው ሳምንት ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የሚረዝመው የታክሲ ሰልፍ ይሻላል፤ ሰልፈኛ ክብደቱን ከአንድ እግር ወደ ሌላው ከማዛወር ያለፈ ብዙ አይንቀሳቀስም። ለእያንዳንዱ ሰው 30 ሴኮንድ ብቻ ስጡት፤ የራሱን ቦታ፣ የትከሻውን ዘንበልታ፣ ክብደቱ ያረፈበትን እግር። ፊት የለም፣ ጣት የለም። ሃያ ሰው ከሞላችሁ በኋላ ወደ 2 ደቂቃ ከፍ በሉ። ከዚያ ጉሊት ሂዱ። የገበያ ሴቶችን ለዓመታት ደጋግሞ የሣለውን የሠዓሊና መምህር ታደሰ መስፍንን ሥራ የማየት ዕድል ካገኛችሁ፣ ከሸቀጡ ይልቅ የሴቶቹ አቋም ሸራውን እንዴት እንደያዘው ልብ በሉ።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም፤ ወጣቶች ከሚገባው በላይ ይጨነቁበታል። ደብተሩ ኤ5 ይሁን፣ ማለትም 14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር፤ ሽፋኑ ጠንካራ ከሆነ ሰሌዳ መያዝ አያስፈልግም። በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው ተራ ወረቀት ለእርሳስና ለቢክ ይበቃል፤ ውሃ ሲነካው ግን ይሸበሸባል። የውሃ ቀለም ካሰባችሁ ከ200 ግራም በታች አትግዙ። አንድ መካከለኛ ኤችቢና አንድ ለስለስ ያለ 2ቢ እርሳስ ይበቃችኋል። 6ቢ ጥቁረቱ ያምራል፣ ነገር ግን ደብተሩ ቦርሳ ውስጥ ሲታሽ ፊት ለፊት ያለውን ገጽ ያጠቁራል። ላጲስ ቤት ይቅር። የተሳሳተው መስመር ካልጠፋ ትክክለኛው ከእሱ በምን ያህል እንደሚርቅ ያሳያችኋል፤ ሲጠፋ ያንኑ ስህተት መልሳችሁ ትሠሩታላችሁ። እስክሪብቶ ከመረጣችሁ መስመር አስምሩ፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ በእርጥብ ጣት እሹት። ከሟሟ፣ ከውሃ ቀለም ሥር አይሆንም። ተራው ቢክ ለውሃ የተሻለ ይጸናል፤ ፀሐይ ላይ ግን ይደበዝዛል፣ ስለዚህ መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉት።

ብርሃን ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የከተማችን ብርሃን የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከሰዓት 8 ሰዓት ፀሐይዋ ወደ አናት ትጠጋለች። ጥላ እግር ሥር ይሰበሰባል፤ የሰው ዓይን በቅንድቡ ጥላ ይሸፈናል፤ ግድግዳውና መንገዱ አንድ ዓይነት ይነጣሉ። በዚያ ሰዓት የተነደፈ ገጽ ጠፍጣፋ የሚሆነው በእጃችሁ ድክመት ብቻ አይደለም። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ውጡ። አንድ ሌላ ነገር፦ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ትቆማለች፤ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል ማለት ነው። በኅዳር የጀመራችሁትን ገጽ በግንቦት ልጨርስ ብትሉ ጥላዎቹ እርስ በርስ ይጣላሉ። ጥላውን በመጀመሪያው ቀን፣ በአንድ ቀጭን መስመር ከብባችሁ ያዙት።

ብዙ ገጽ የሚያበላሸው ግን የዓይን መስመር ነው፤ በዓይናችሁ ከፍታ ልክ ገጹን አግድም የሚያቋርጠው መስመር ማለት ነው። ደልዳላ መንገድ ላይ ቆማችሁ ስትነድፉ የቆሙ አዋቂዎች ሁሉ ራስ፣ የቅርቡም የሩቁም፣ በግምት በአንድ መስመር ላይ ያርፋል፤ የሚለየው እግራቸው የሚደርስበት ቦታ ነው። ዝቅተኛ ዱካ ላይ ከተቀመጣችሁ ደግሞ ያ መስመር በቆሙት ሰዎች ወገብ አካባቢ ያልፋል። ጀማሪ ተቀምጦ እያየ እንደቆመ ሰው ይነድፋል፣ ከዚያም ሰዎቹ ለምን አየር ላይ እንደተንሳፈፉ ግራ ይገባዋል። ከሁሉ በፊት መስመሩን ገጹ ላይ ጣሉ፤ ሰው በኋላ ይምጣ።

ቸርችል ጎዳና ላይ ይህ ሕግ ይፈተናል። መንገዱ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ይወርዳል። ከላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ የመንገዱ ጠርዞች የሚገናኙት ከዓይን መስመር በታች ነው፤ ከታች ሆናችሁ ሽቅብ ስታዩ ከመስመሩ በላይ ነው። የሕንፃዎቹ መስኮትና ጣሪያ ግን ቁልቁለቱን አይከተሉም፤ እነሱ ውሃ ልካቸውን ጠብቀው የሚሄዱት ወደ ዓይን መስመሩ ነው። መስኮቱን ከመንገዱ ጋር ያዘነበለ ሰው ሕንፃውን ያንሸራትተዋል። የሱቆቹን ደፍ እዩ፤ በአንድ በኩል አንድ ደረጃ፣ በሌላው በኩል ሦስት ደረጃ ያለው ለዚህ ነው። ያንን ደረጃ ቆጥራችሁ ከነደፋችሁት ቁልቁለቱ ራሱ ይናገራል። በስልክ ፎቶ አንሥቶ ቤት መንደፍ የማይረዳውም እዚህ ላይ ነው፤ የስልክ ሌንስ ሰፊ ስለሚያይ ቅርቡን ያገዝፋል፣ ሩቁን ይገፋል፣ በዓይን ሲታይ ከተማው ላይ የተደገፈው እንጦጦ ቀጭን ክር ይሆናል።

ሰማያዊና ነጩን ሚኒባስ ስትነድፉ መጀመሪያ ሣጥን አድርጉት። ጣሪያው ዝቅ ያለው ዓይነት ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ስለሆነ አጠገቡ የቆመ ሰው ራስ ከጣሪያው ትንሽ ዝቅ ብሎ መድረስ አለበት። ጎማውን ማግዘፍ የተለመደ ስህተት ነው፣ ታክሲውን መጫወቻ ያስመስለዋል። ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ሸንተረሩን ሁሉ አታስምሩ። ሁለት ቆርቆሮ የሚደራረብበትንና ጥላ የሚያርፍበትን ብቻ ስጡ፤ ቀሪውን የተመልካች ዓይን ይሞላዋል።

ጋቢና ነጠላ የለበሰ ሰው ሰውነቱ የት እንዳለ አይታይም፣ ስለዚህ ሁለት ቦታ ፈልጉ፤ ጨርቁ የተንጠለጠለበትን ትከሻና የሚገፋውን ጉልበት። እጥፋቱ ሁሉ ከእነዚህ ይጀምራል። የመርካቶ ተሸካሚ ወይም ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት ስትነድፉ ከሰውና ከሸክሙ የጋራ መሐል ቀጥ ያለ መስመር ወደ መሬት በዓይናችሁ ጣሉ። የሰውና የሸክም ክብደት ተደምሮ በሁለቱ እግሮች መካከል ካላረፈ ሰውየው ገጹ ላይ ይወድቃል። ወገባቸው የሚጎብጠው ለዚሁ ነው።

አሁን ስለ ሰዎቹ። ማዕዘኑ የእናንተ አይደለም፤ የእንጀራ ቦታ ነው። ሊስትሮው አጠገብ የምትቀመጡ ከሆነ ጫማችሁን አስጠርጉና ክፈሉ። ቡና የምታፈላዋ ዘንድ ሁለት ስኒ ጠጡ፣ ደንበኛ ሲበዛ ዱካውን ልቀቁ። ስትደርሱ "ጤና ይስጥልን፣ እዚህ ትንሽ ልንደፍ ነው" በሉ። ገጹን መደበቅ ጥርጣሬ ያመጣል፤ ክፍት አድርጉት፣ የጠየቀ ይየው። እምቢ ያለ ሰው ካለ ያለ ክርክር ወደ ሌላ ገጽ እለፉ። ደጅ የተኛን ሰው፣ የሚለምንን ሰው በፊቱ እንዲለይ አድርጋችሁ አትንደፉ፤ ፈቃድ ሊሰጥ በማይችልበት ሁኔታ ላይ ነው ያለው። ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲ፣ የጦር ግቢና ኬላ ፊት ለፊት ደብተር አትክፈቱ። ጥበቃ መጥቶ ከጠየቃችሁ ቁሙ፣ ደብተሩን በሁለት እጅ አቀብሉ፣ ቀስ ብላችሁ አስረዱ።

ክረምት ሲገባ ሥራው አይቆምም፣ የሱቅ በረንዳ አለ። የውሃ ቀለሙ ግን አይደርቅም፤ ገጾቹ እንዳይጣበቁ በመካከላቸው ስስ ወረቀት አስገቡ። በበጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ የቀለሙ ጫፍ ቶሎ ደርቆ መስመር ይተዋል። ለሰማይ የሚሆነውን ቀለም ከመጀመራችሁ በፊት ከሚበቃችሁ በላይ በጥብጡ፣ በትልቁ ብሩሽ በአንድ ትንፋሽ አውርዱት።

በመጨረሻ፣ በየገጹ ጥግ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ፊታችሁን ያዞራችሁበትን አቅጣጫ በእርሳስ ጻፉ። "ፒያሳ" ብቻ አይበቃም፤ "ከጊዮርጊስ በር ላይ ሆኜ፣ ወደ ምኒልክ አደባባይ፣ መጋቢት 3፣ ጠዋት 2 ሰዓት" በሉ። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ከካዛንችስ ብዙ ቤት ፈርሷል። እዚያ ያደገ ሰው ደብተራችሁን ሲያይ ከውበቱ በፊት የሚጠይቃችሁ የሱቁ በር በየት በኩል እንደነበር፣ ደጁ ላይ ስንት ደረጃ እንደነበረው፣ ጥግ ላይ ማን ይቀመጥ እንደነበር ነው።