«በማን ሰዓት?»፦ የኦንላይን ጨዋታ ቀጠሮ ለምታስተባብሩ የሰሜን ሸዋ ልጆች ጥያቄና መልስ

አሁን አሁን የአንድ ክላን (አብሮ የሚጫወት ቡድን) ግማሹ አባል ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት፣ ግማሹ ዱባይና ዋሽንግተን ነው። አብሮ መጫወት ደስ ይላል። ሁሉንም በአንድ ደቂቃ ማስገባት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የደረሱኝን ጥያቄዎች እንዳመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ከደብረ ብርሃን፦ «ቅዳሜ በ8 ሰዓት ሩም (የጋራ ጨዋታ) አለ» ብለን ለጠፍን። ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ የገባው እኛ ልንጨርስ ስንል ነው። እሱ ነው ያጠፋው ወይስ እኛ?

ማስታወቂያው ነው ያጠፋው። እናንተ ቀን 8 ሰዓት ማለታችሁ ነበር። እሱ ደግሞ ጠዋት 8 ብሎ በራሱ ሰዓት አነበበው። በበጋቸው የዋሽንግተን ጠዋት 8 ለኛ ቀን 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ ልጁ በራሱ ሰዓት አክባሪ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ግን አምልጦታል።

«8 ሰዓት» ብቻ ብሎ መለጠፍ ይቅር። እንዲህ ጻፉት፦ «ቅዳሜ፣ በኢትዮጵያ ቀን 8 ሰዓት፣ በዩቲሲ 11:00»። ከዚህ በኋላ ማንም የትም ይሁን የራሱን ሰዓት ያወጣል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ዩቲሲ የሚሉት ምንድን ነው? ወደኛ እንዴት ነው የሚቀየረው?

የዓለም አገሮች ሰዓታቸውን የሚለኩበት የጋራ ሰዓት ነው። ብዙ ጨዋታዎችም ውድድራቸውን የሚያስታውቁት በሱ ነው። ኢትዮጵያ ከሱ 3 ሰዓት ትቀድማለች። የኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ያነሰ ነው። ሁለቱን ስታጣፋው ሥራው ቀላል ይሆናል፦ ከዩቲሲ ላይ 3 ቀንስ። የቀረው ከ12 በላይ ከሆነ 12 ጣልለት።

18:00 ተባለ እንበል። 3 ሲቀነስ 15፣ 12 ሲጣልለት 3። ምሽት 3 ሰዓት ማለት ነው። 07:00 ከተባለ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። 00:00 ሲሆን እንደ 24 ቁጠረውና 21 ይቀራል፤ ሌሊት 9 ሰዓት። ቀኑን ከሌሊቱ ለመለየት ደግሞ ይህን ያዝ፦ በዩቲሲ ከ03:00 እስከ 15:00 ያለው ለኛ ቀን ነው፣ ሌላው ማታና ሌሊት።

ከመሐል ሜዳ፦ «ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት» ተብሎ ግማሹ ዓርብ ሌሊት ገባ፣ ግማሹ ቅዳሜ። የቱ ነው ትክክል?

ይሄ ከሁሉም የባሰው ነው። ለኛ ሰው ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ እስኪነጋ ያው ቅዳሜ ሌሊት ነው። ስልክህ ግን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቀኑን ቀይሮ እሁድ ብሏል። ስለዚህ ስልኩን የሚያምን ልጅ «ቅዳሜ ሌሊት 8»ን ከዓርብ በኋላ ያለው ሌሊት አድርጎ ይወስደዋል። ዋሽንግተን ያለው ደግሞ በዚያችው ቅዳሜ ገና ምሽቱን እየጀመረ ነው።

አያቶቻችን ለዚህ መላ ነበራቸው። «ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት» በሉ፣ አለቀ። ይህን ሰምቶ ዓርብ የሚገባ የለም። አላርም ስትሞሉ ግን ስልኩ ላይ የምትመርጡት እሁድን ነው።

ከዋሽንግተን፦ ክረምቱን ሙሉ ልክ የነበረው ሰዓት መጋቢት ላይ ተዛባ። ማን ነካው?

እናንተው ናችሁ። ኢትዮጵያ ሰዓት አትቀይርም። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሁድ አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፤ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሁድ ትመልሳለች። ከኛ ጋር ያላችሁ ልዩነት ከ8 ወደ 7 ሰዓት ይወርዳል ማለት ነው። አውሮፓ የሚቀይረው በማርች መጨረሻው እሁድ ነው። በመሀል ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት አሜሪካ ያለው ተዛውሯል፣ ጀርመን ያለው ገና ነው። ክላኑ ውስጥ ሁለቱም ካሉ በነዚያ ሳምንታት ትልቅ ውድድር ባትይዙ ይሻላል። መያዝ ግድ ከሆነ በዩቲሲ አስታውቁና ዋዜማው ላይ ድገሙት።

ከዓለም ከተማ፦ ክላሽ ኦፍ ክላንስ ላይ ዋር (የሁለት ክላኖች ግጥሚያ) የሚያልቀው ሁሌ ሰው ሲተኛ ነው። ማስተካከል ይቻላል?

ይቻላል፤ ቁልፉ ያለው ዋሩን በሚያስጀምረው ሰው እጅ ነው። በመደበኛው ዋር መዘጋጃው 23 ሰዓት፣ ውጊያው 24 ሰዓት ነው። ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠር። መጨረሻው እሁድ ምሽት 3 ሰዓት እንዲሆን ከፈለግህ ዓርብ ምሽት 4 ሰዓት ላይ አስጀምር። መዘጋጃው ቅዳሜ ምሽት 3 ላይ ያልቃል፣ ውጊያውም እሁድ ምሽት 3። ተጋጣሚ ፍለጋው የሚፈጀውን ትንሽ ደቂቃ ጨምርበት።

እሁድ ምሽት 3ን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እናንተ እራት በልታችሁ ቁጭ ብላችኋል። ዱባይ ከምሽቱ 4 ነው። ጀርመን ገና እየመሸ ነው። ዋሽንግተን በበጋቸው ከቀኑ 8፣ በክረምታቸው 7 ሰዓት ነው፤ ሰውም ሥራ ላይ አይደለም። በሥራ ቀን ከሆነ ግን አሜሪካ ያሉትን አትጠብቋቸው።

በዚሁ ጨዋታ በየሳምንቱ መጨረሻ የሚደረገው ሬይድ ዊኬንድ ላይ ግን ምርጫ የላችሁም። ዓርብ ጠዋት 4 ሰዓት ተከፍቶ ሰኞ ጠዋት 4 ይዘጋል። ያ የመዝጊያ ሰዓት ለዋሽንግተን ውድቅት ነው። እዚያ ያሉት እሁድ ከመተኛታቸው በፊት እንዲጨርሱ ንገሯቸው።

ከደብረ ብርሃን፣ ከአንድ አባት፦ ልጄ በዚህ ብርድ ሌሊት 9 ሰዓት ይነሳል። «ጨዋታው በዚህ ሰዓት ነው የሚታደሰው» ይለኛል። እውነቱን ነው?

አባባ፣ ሰዓቱን እውነቱን ነው። ብዙ ጨዋታዎች የዕለት ሥራቸውን የሚያድሱት በዩቲሲ 00:00 ነው፤ ለኛ ሌሊት 9 መሆኑ ነው። መነሳቱ ግን አያስፈልግም። የታደሰው ሥራ እስከሚቀጥለው ሌሊት 9 ድረስ ይጠብቀዋል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቢሠራው አንድም አይቀርበት። ይህን ቢነግሩት ይሰማዎታል ብዬ አምናለሁ።

አድሚኖች፣ እናንተም አስቡበት። ተማሪ ያለበት ክላን በትምህርት ቀን የሌሊት ቀጠሮ ሊይዝ አይገባም። ውጭ ላሉት ስለተመቸ ብቻ ሁልጊዜ የሚነቃው የሀገር ቤቱ ልጅ መሆን የለበትም። አንድ ሳምንት እነሱ በማለዳ ይነሱ፣ አንድ ሳምንት እናንተ አምሹ።

ከደብረ ሲና፦ ስልኬን በሐበሻ ሰዓት እንዲያሳይ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሼዋለሁ። ችግር አለው?

አለው። ስልኩ ሰዓቱን በእጅ ሲቀይሩበት ትክክለኛውን ጊዜ ይስታል። በስልኩ ሰዓት የሚሠሩ ቆጣሪዎች ይዛባሉ፤ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር የመግቢያ ቁጥር የሚሰጡ አፖችም የማይሠራ ቁጥር ይሰጡሃል። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መልሰው፣ በኛ አቆጣጠር የሚያሳይ የሰዓት አፕ ለብቻው ጫን። ዲስኮርድ በሚባለው የመወያያ አፕ ላይ ደግሞ የሰዓት ኮድ አለ፤ አስተባባሪው አንዴ ሲጽፈው ለእያንዳንዱ ሰው በየስልኩ ሰዓት ይታያል። የስልክህ የሰዓት ቀጠና ከተዛባ እሱም ይዛባብሃል።

ከሜልበርን፦ እኔስ?

የኛ ምሽት 3 ላንተ ሊነጋጋ ሲል ነው። ቅዳሜ ቀን 6 ሰዓት በኢትዮጵያ ሲሆን አንተ ጋ ምሽት ነው፤ በወር አንዴ በዚያ ሰዓት እንዲያዝልህ ጠይቅ። አሜሪካ ያሉት ያን ቀን ይቅርባቸው።

ከሸዋ ሮቢት፦ በዓልና ጾምስ?

ውጭ የተሠራ ጨዋታ የኛን በዓል አያውቅም። የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ግማሹ ክላን ቤተ ክርስቲያን ነው። በረመዳን ምሽት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ የምትይዙት ሩም አፍጥር ላይ ያለውን ወንድማችሁን ያስቀረዋል፤ ወደ ምሽት 4 አካባቢ ግፉት። አስተባባሪው ዓመቱ ሲገባ በዓላቱን ቀድሞ ይመዝግብ፤ በእንቁጣጣሽ ሰሞን አንድ ማታ ይበቃዋል።

ከደብረ ብርሃን፦ እኛና ዋሽንግተን ያሉት አብረን ስንጫወት አንዱ ወገን ሁሌ ላግ ያደርጋል (ጨዋታው ይዘገይበታል)። የየትኛውን አገር ሰርቨር (ጨዋታውን የሚያስተናግደውን ኮምፒውተር) እንምረጥ?

ጨዋታው የሚያስመርጥ ከሆነ አውሮፓን። መረጃ በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ስለዚህ በየ100 ኪሎ ሜትሩ ደርሶ መልስ ቢያንስ 1 ሚሊ ሰከንድ ይጨመራል። ሰርቨሩ አሜሪካ ከሆነ ጣጣው ሁሉ በናንተ ላይ ይወድቃል፣ መካከለኛው ምሥራቅ ከሆነ በነሱ። አውሮፓ ላይ ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ትከፍላላችሁ። መብራት ለሚሄድበት ሰው ደግሞ 15 ደቂቃ ጠብቁት፣ አንድ ተጠባባቂም ስሙን አስገቡ። ይህን ማስታወቂያው ላይ ቀድማችሁ ካልጻፋችሁ በጨዋታው መሀል ትጣላላችሁ።