ሰሞኑን ምን አያችሁ? ስለ ፊልም ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስላያችሁት፣ ልታዩት ስላሰባችሁት ወይም ጀምራችሁ ስለተዋችሁት ፊልም ጠይቁ። «አሪፍ ነው፣ እየው» ብቻ ብሎ መጠቆም ማንንም ስለማይረዳ በየመልሱ የፊልሙን ርዝመት፣ ቋንቋውንና ከማን ጋር ቢታይ እንደሚሻል እጨምራለሁ። የማንኛውንም ፊልም መጨረሻ አልናገርም። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ተማሪው)፦ «ጤዛ»ን ጀምሬ አንድ ሰዓት ያህል ካየሁ በኋላ ተውኩት። አንዴ ገጠር፣ አንዴ ጀርመን፣ አንዴ አዲስ አበባ ሲሆን ግራ ገባኝ። ልቀጥል ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ አይቅርብህ፤ ግን ካቆምክበት አትቀጥል፣ ከመጀመሪያው ጀምር። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008) 140 ደቂቃ ነው። ትዝታው ዘመን እየዘለለ ስለሚመጣ ለሁለት ማታ ከፍለህ ካየኸው ክሩ ይበጠስብሃል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ስልክህን አጥፍተህ ባንድ ቁጭታ ጨርሰው።

ዘመኑን ለመለየት የዋናውን ገጸ ባሕርይ የአንበርብርን እግር ተመልከት። እያነከሰ ከሆነ ያለኸው በ1990፣ በትውልድ መንደሩ ነው፤ ደርግ ሊወድቅ የተቃረበበት፣ ጎረምሶች ለውትድርና እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ የሚሸሸጉበት ጊዜ። በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ከሄደ ትዝታ ውስጥ ነህ፦ ወይ በ1970ዎቹ የጀርመን የተማሪነት ዘመኑ፣ ወይ ከአብዮቱ በኋላ አዲስ አበባ። እግሩን ምን እንዳገኘው ፊልሙ ቶሎ አይነግርህም። የሚጓዘው ወደዚያ መልስ ስለሆነ አስቀድመህ አታንብብ።

ሌላው ችግር ከቅጂው ነው የሚመጣው። ፊልሙ ውስጥ አማርኛ ብቻ ሳይሆን ጀርመንኛና እንግሊዝኛም ስላለ፣ ሰብታይትል የሌለው ቅጂ ከያዝክ የጀርመኑ ክፍል ግማሹ ያመልጥሃል። ግራ ከገባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ያዩት እንዲህ ዓይነቱን ቅጂ ነው ብዬ እገምታለሁ። ፊልሙ ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። በእኔ ግምት ግን ከሽልማቶቹ ሁሉ የሚበልጠው የአንበርብር እናት ዝምታ ነው። ልጇ የተማረውን ሁሉ ተምሮ ሲመለስ ምን ብላ እንደምትመለከተው ልብ በል።

ጥያቄ (የቤቱ ታላቅ)፦ እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ሰብታይትል ማንበብ አትችልም። ለበዓል አብረን የምናየው በአማርኛ የተሠራ ደህና ፊልም ምን አለ? ሰው «ድፍረት»ን ጠቁሞኝ ነበር።

መልስ፦ ለበዓል «ላምብ»ን ምረጥ። የያሬድ ዘለቀ ሥራ ነው፤ 2015፣ 94 ደቂቃ፣ አማርኛ። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ ጩኒ ከምትባል በጉ ጋር ዘመድ ቤት ይቀመጣል፤ አጎቱ ደግሞ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፣ አጎቱ ይህን አይወድለትም። እናትህ ስለ ወጡም ስለ በጓም የምትለው አይጠፋትም፤ ፊልሙ ቀስ ያለ ስለሆነ መሐል ላይ ቢወራም አይበላሽም። በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልምም ይኸው ነው።

«ድፍረት» (2014፣ 99 ደቂቃ) በጣም ጥሩ ፊልም ነው፤ ለበዓል ግን አይሆንም። በ1996 ከደረሰ እውነተኛ ጉዳይ የተነሣ ስለ ጠለፋና ስለ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ የፍርድ ቤት ክርክር ነው። በእናትህ ዕድሜ ያሉ ብዙ ሴቶች ጠለፋን በወሬ ሳይሆን በቅርብ ነው የሚያውቁት፤ ሳይነገራቸው ቡና ላይ ቁጭ ብለው እንዲያዩት ማድረግ አግባብ አይደለም። መጀመሪያ ስለ ምን እንደሆነ ንገራት፤ እሺ ካለች በሌላ ቀን እዩት።

ጥያቄ (ከቤሩት የተመለስኩ)፦ ሊባኖስ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። «ቅፍርናሆም» የሚባለውን ፊልም ሁሉም እዪው ይለኛል፤ እኔ ግን ፈራሁ። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ትክክል ነው፤ እዪው የሚሉሽ ሰዎች ይህን ቢነግሩሽ ጥሩ ነበር። የናዲን ላባኪ ፊልም ነው፤ 2018፣ 126 ደቂቃ፣ አብዛኛው ዓረብኛ ስለሆነ ያለ ሰብታይትልም ትከታተዪዋለሽ። ዘይን የሚባል ልጅ ወላጆቹን ስለወለዱኝ ብሎ ይከሳል፤ ይህ ገና መጀመሪያው ላይ የሚታይ ስለሆነ ምስጢር አላወጣሁም። ከቤት ሲጠፋ የምታስጠጋው ራሒል የምትባል ወረቀት የሌላት ኢትዮጵያዊት ናት። በመዝናኛ ቦታ ጽዳት ትሠራለች፤ ሕፃኑን ዮናስን መጸዳጃ ቤት ውስጥ ደብቃ ሥራዋን ትሠራለች፣ በየመሐሉ እየሮጠች ታየዋለች።

ራሒልን የተጫወተችው ዮርዳኖስ ሽፈራው ሙያተኛ ተዋናይ አልነበረችም፤ ፊልሙ በሚቀረጽበት ጊዜ እሷም ወረቀት ስላልነበራት ታስራ ነበር። የምታይው ፍርሃት የተጠና ትወና ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ያልጠበቀው ሐዘን የሚወርድበት።

የሚከብድሽን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ስለ መታወቂያ ወረቀት የሚደረገው ድርድር፣ የእስር ቤቱ ክፍልና ሕፃኑ ከእናቱ የሚለይበት። እነዚህ በብዛት ያሉት ከመሐል በኋላ ነው። ካየሽው ብቻሽን ሳይሆን ያንቺን ነገር ከሚያውቅ ሰው ጋር፣ በቀን፣ በፈለግሽ ሰዓት ለማቆም ተስማምታችሁ እዪው። ብትተዪውም ምንም አይጎድልብሽም። ልብ የሚያሳርፍም አለው፤ ዘይን መስታወት አዟዙሮ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ለዮናስ እያሳየ፣ ድምፁ ስለማይሰማ ንግግሩን ራሱ እየፈጠረ የሚነግርበት ትዕይንት። እስካሁን ከታዩ የሕፃናት ትዕይንቶች ከምወዳቸው አንዱ ነው።

ጥያቄ (ድምፅ አልባ)፦ ንግግሩ አይሰማም፣ ሙዚቃውና ፍንዳታው ግን ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ሪሞቱን ከእጄ ማውጣት አልቻልኩም።

መልስ፦ ፊልሙ የተቀናበረው ለስድስት ድምፅ መስመር ነው፤ ንግግሩ በመሐለኛው ስፒከር ይወጣል። የአንተ ቴሌቪዥን ሁለት ስፒከር ብቻ ስላለው ስድስቱን ወደ ሁለት ሲያጥፍ ንግግሩ ይሰምጣል። በዚህ ቅደም ተከተል ሞክር። መጀመሪያ ፊልሙ ላይ የድምፅ ምርጫ ከፍተህ «5.1» የሚለውን (የስድስት መስመሩን) ትተህ «ስቴሪዮ» ወይም «2.0» ምረጥ። ከሌለና ፊልሙን ከቴሌቪዥኑ ጋር በተያያዘ ማጫወቻ የምታይ ከሆነ፣ በማጫወቻው የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ የድምፅ ውጤቱን ወደ «ፒሲኤም» ቀይር። ከዚያ «ናይት ሞድ» ወይም «ክሊር ቮይስ» ካለ አብራ። ብዙ ሰው «ሲኒማ» የሚለውን የድምፅ ዓይነት ያበራል፤ እሱ ቤዙን ጨምሮ ንግግሩን የባሰ ያደክመዋል። ቴሌቪዥኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀብሮ ከሆነም ጠርዝ ድረስ ሳበው፤ ስፒከሮቹ ብዙ ጊዜ ወደታች ነው የሚያወጡት።

ጥያቄ (አዲስ ቲቪ)፦ አዲስ ቴሌቪዥን ገዛሁ፤ ሁሉም ፊልም የቱርክ ድራማ ይመስላል። ለምን?

መልስ፦ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። ቴሌቪዥኑ በየመሐሉ ከራሱ ምስል እየፈጠረ ስለሚሞላ እንቅስቃሴው እንደ ቴሌቪዥን ድራማ ይለሰልሳል። ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው»፣ ሳምሰንግ ላይ «ፒክቸር ክላሪቲ» የሚለውን ፈልገህ አጥፋ። «ፊልም ሜከር ሞድ» ካለው እሱን መምረጥ ብቻ ይበቃል። ለኳስ መልሰህ አብራው።

ጥያቄ (ሰብታይትል ያቃጠለኝ)፦ ሰብታይትሉ ከንግግሩ ጋር አይገጥምም። የአማርኛ ሰብታይትል ደግሞ ሳስገባ አራት ማዕዘን ሣጥን ብቻ ይወጣል።

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ችግር ነው። የመጀመሪያውን ከማስተካከልህ በፊት ለይ፦ መጀመሪያ ላይ የዘገየበትንና ከአንድ ሰዓት በኋላ የዘገየበትን አወዳድር። እኩል ከሆነ መግፋት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ ከቁልፍ ሰሌዳው «ጂ» ሰብታይትሉን ያስቀድማል፣ «ኤች» ያዘገያል። አንዱ ጠቅታ 50 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ለአንድ ሰከንድ 20 ጊዜ ትጫናለህ።

ልዩነቱ እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ግን ሰብታይትሉ የተሠራው ለሌላ ፍጥነት ነው፤ ፊልሙ በሰከንድ 24 ምስል፣ ሰብታይትሉ ለ25 ምስል ወይም በተቃራኒው። በአሥር ደቂቃ 25 ሰከንድ ያህል፣ በአንድ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይራራቃሉ። እንዲህ ያለውን በ«ጂ» እና በ«ኤች» ስትገፋ ብትውል አይስተካከልም፤ መጀመሪያው ሲገጥም መጨረሻው ይበላሻል። «ሰብታይትል ኤዲት» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የምስል ፍጥነቱን ቀይር፤ ወይም ከያዝከው ቅጂ ጋር ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ሰብታይትል ፈልግ፤ ይኸኛው ይቀላል።

ሣጥኑ የፊደል ጉዳይ ነው። የሰብታይትሉን ፋይል በኖትፓድ ክፈት፣ «ሴቭ አዝ» ብለህ ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥበትን ዘዴ) «ዩቲኤፍ-8» አድርገህ አስቀምጥ። ከዚያ ቪኤልሲ ላይ በሰብታይትል ማስተካከያው ውስጥ ኢንኮዲንጉን እንዲሁ «ዩቲኤፍ-8»፣ ፎንቱን «ኒያላ» ወይም ሌላ የግዕዝ ፊደል ያለው አድርግ። ሁለቱንም ካላደረግክ አንዱ ብቻውን ላይሠራ ይችላል። በፍላሽ ቴሌቪዥን ላይ ስትሰካ ድጋሚ ሣጥን ከሆነ ቴሌቪዥኑ ራሱ የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው፤ ያኔ ኮምፒውተሩን በገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝ።

ጥያቄ (ሐረር የተወለደች)፦ «ፋያ ዳዪ»ን ሁሉም ያደንቃል፤ እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ። ችግሩ እኔ ጋ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የነገሩሽ ነገር ጎድሎ ነው። የጄሲካ በሺር ፊልም (2021) ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጥቁርና ነጭ ዶክመንተሪ ነው፤ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና አማርኛ ይሰማበታል። ጫት ስለሚለቅሙ፣ ስለሚያመላልሱና ስለሚቅሙ ሰዎች ነው፤ ግን ነገሩን የሚያብራራልሽ ተራኪ የለውም፣ ቁጥር አይነግርሽም፣ ታሪኩም ቀጥ ብሎ አይሄድም። ዜና ወይም ክርክር ጠብቀሽ ከተቀመጥሽ መተኛትሽ አይቀርም። መብራቱን አጥፍተሽ፣ በስልክ ሳይሆን በትልቅ ስክሪን፣ ድምፁን በደንብ ከፍተሽ እንደ መንዙማ ስሚው። በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልያዘሽ ተዪው።

ጥያቄ (ቁጥር የሚያምን)፦ የሐያስያንን አስተያየት በሚሰበስበው ድረ ገጽ በሮተን ቶሜቶስ 95 በመቶ ያገኘ ፊልም አይቼ ተሰላቸሁ። ቁጥሩ ውሸት ነው?

መልስ፦ ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ የሚለው ሌላ ነው። 95 በመቶ ማለት ከመቶ ሐያሲ 95ቱ «ደህና ነው» ብለዋል ማለት እንጂ ከአሥር 9.5 ሰጥተዋል ማለት አይደለም። ሁሉም ከአሥር ስድስት ቢሰጡትም መቶ በመቶ ሊያገኝ ይችላል። የነጥቡን አማካይ ለብቻው ተመልከት። ተመልካቾች ነጥብ የሚሰጡበት አይኤምዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ከነጥቡ አጠገብ ስንት ሰው እንደመረጠ እይ፤ ብዙ የአማርኛ ፊልሞች ጥቂት መራጭ ስላላቸው ነጥቡ ምንም አይነግርህም።

ጥያቄ (የሁለት ልጆች እናት)፦ ልጆቼ 7 እና 10 ዓመታቸው ነው። ካርቱን ያልሆነ ፊልም ላስለምዳቸው እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የኢራኑ «የሰማይ ልጆች» (1997፣ ማጂድ ማጂዲ፣ 89 ደቂቃ)። ሲጀምር የጫማ ሰፊ እጅ አንዲት ትንሽ ሮዝ ጫማ ሲጠግን ይታያል። ልጁ ጫማዋን ከተረከበ በኋላ አትክልት ቤት ድንች ሲመርጥ ትጠፋበታለች፤ ከዚያ እሱና እህቱ አንድ ጫማ በፈረቃ እየተጫሙ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ለወላጅ አለመንገር፣ ማርፈድ፣ መሮጥ፤ ልጆችሽ ይህን ጭንቀት ሳይብራራላቸው ይገባቸዋል። ፋርስኛ ስለሆነ አስቀድመሽ አንዴ ብቻሽን እዪው፣ ከዚያ ሰብታይትሉን በአማርኛ እያነበብሽላቸው። ንግግሩ አጫጭር ስለሆነ አያደክምሽም። ትንሹ ከደከመ 45ኛው ደቂቃ ላይ አቁሚ።

ጥያቄ (ዳታ ያለቀበት)፦ አንድ ፊልም ስንት ጊጋ ይበላል?

መልስ፦ ኔትፍሊክስ ላይ በመደበኛ ጥራት በሰዓት እስከ 1 ጊጋ፣ በኤችዲ እስከ 3፣ በፎርኬ እስከ 7 ነው። «ላምብ»ን የሚያህል ፊልም በመደበኛ ጥራት 1.5 ጊጋ ገደማ መሆኑ ነው። በስልክ ለማየት መደበኛው ይበቃል። ዋይፋይ ባለበት ቦታ አውርደህ ያዝ፤ መንገድ ላይ እየጫነ የሚቆራረጥ ፊልም ከሚባክነው ዳታ በላይ ስሜትን ያበላሻል።

ጥያቄ (ጠቋሚው)፦ ወዳጆቼ የምጠቁማቸውን ፊልም አይወዱልኝም።

መልስ፦ ከመጠቆምህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ፦ መጨረሻ የወደዱት ፊልም የትኛው ነው? ጀምረው የተዉትስ? የተዉት ከወደዱት የበለጠ ይነግርሃል፤ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው፣ ደም ስላለበት ነው፣ ወይስ ሰብታይትል ስለሰለቻቸው? ከዚያ አንድ ብቻ ስጥ፤ አምስት ከዘረዘርክ አንዱንም አያዩም። ርዝመቱን፣ ቋንቋውንና የሚከብደውን ትዕይንት ንገር። ታሪኩን ስትናገር የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃ አትለፍ። «መጨረሻው ያስደነግጥሃል» ማለትም ማበላሸት ነው፤ ሰውየው ሁለት ሰዓት ሙሉ መጨረሻውን ሲጠብቅ መሐሉን ሳያየው ያልፋል።