ከአልጋ ስር አልወጣም ያለችው ድመት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ ካዛንቺስ ትኖር ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ልጇ ጋ ገባች፤ እዚያ ደግሞ ድመት አይፈልጉም። አምስት ዓመት ገደማ የሆናትን ቡሬን እኔ ወሰድኳት። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መንገዱን እንዳታውቅ ተብሎ በማዳበሪያ አድርገን አመጣናት። ይኸው አራት ቀኗ፣ ከአልጋ ስር ንቅንቅ አላለችም። ወተት ብሰጣት፣ እንጀራ በሽሮ ብፈተፍትላት ዞር ብላ አታየውም። ሌሊት ሌሊት ግን ትጮሃለች። የሰባት ዓመት ልጄ ጎትቶ ሊያወጣት ሲል እጁን ቧጨረችው። ባለቤቴ «ድመት ቤት እንጂ ሰው አታውቅም፣ መልሻት» ይለኛል። የት ነው የምመልሳት? ቤቱ እንደሆነ ፈርሷል።
ሰ. ከየካ አባዶ

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፍሽው ውስጥ ሁለቱ ነገር መጽሔት እስኪታተም የሚጠብቅ አልነበረም። ለዚህ ነው ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ የደወልኩልሽ። ለሌሎች አንባቢዎች ስል እደግመዋለሁ።

አንደኛው የልጁ እጅ ነው። ያልተከተበች ድመት ስትነክስ ወይም ስትቧጭር የእብድ ውሻ በሽታ መታሰብ አለበት። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። ድመቷም ለ10 ቀን ከዓይን አትጥፋ። ፀበሉን አልከለክልም፤ ሐኪሙ ክትባት ካዘዘ ግን አንዱም መርፌ እንዳይቀር። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሕክምና አያድነውም።

ሁለተኛው ምግብ ነው። «ሲርባት ትበላለች» የሚባለው ለድመት አይሠራም። ድመት ለቀናት ምንም ካልቀመሰች የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ይከማችና ጉበቷ ሥራውን ያቆማል። ወፍራም ድመት ላይ ይብሳል። አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት አፏን ካላሟሸች በማግስቱ ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

አክስትሽን ጠይቂ ያልኩሽም ለዚሁ ነው። መልሱን ስትነግሪኝ ሳቄ መጣ። የተቀቀለ ሳንባ፣ በአሮጌ የቆርቆሮ ሳህን፣ ማታ ከዜና በኋላ፣ «ውሮ ውሮ» ተብላ! አየሽ፣ ቡሬ አልጠገበችም፣ አላኮረፈችም፤ የምታውቀውን ምግብ ነው ያጣችው። ሳንባውን ሞቅ አድርገሽ አልጋው ስር ብትገፊላት፣ ሳህኑ ጠዋት ተልሶ አገኘሽው። ተመስገን ነው።

ሽሮው ግን ከእንግዲህ ይቅር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሆንም። ወተትም አብዛኞቹን ያደጉ ድመቶች ያስቀምጣቸዋል። በነገራችን ላይ በሁዳዴ ቤተሰቡ ሲጾም ድመቷንም አብረው የሚያስጾሙ ብዙ ሰዎች አሉ። ድመት ያለ ሥጋ መኖር አትችልም፤ 55 ቀን ደግሞ ረጅም ነው። ልኳንዳዎቹ ሳይዘጉ ሳንባውን ቀቅለሽ፣ ቆራርጠሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪላት። ጨውም ቅመምም አይግባበት።

አሁን ወደ ዋናው። አልጋ ስር መግባቷ ሕመም አይደለም፣ ራሷን ማረጋጊያ መንገዷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔዘርላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች መጠለያ ከገቡ 19 ድመቶች ለከፊሎቹ መደበቂያ ሳጥን ሰጡ፣ ለቀሩት አልሰጡም። ቶሎ የተረጋጉት ሳጥን ያገኙት ናቸው። ስለዚህ ማንም አይጎትታት፣ በመጥረጊያም አይቆስቁሳት። ይልቅ የተሻለ መደበቂያ ስሪላት። የዘይት ወይም የፓስታ ካርቶን አምጪና ሁለት በር ቁረጪለት። አንድ ብቻ ከሆነ «ቢመጡብኝ በየት እወጣለሁ?» ትላለች። ከውስጥ የአክስትሽን አሮጌ ነጠላ አንጥፊ። እንዳታጥቢው! ንጽሕና ትወጃለሽ መሰለኝ፣ ግን የምንፈልገው ያንን ጠረን ነው።

ባለቤትሽ ግማሽ እውነት ይዟል። ድመት አገሯን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው፤ እናንተ ቤት አንድም የሷ ጠረን የለም። ጉንጯን በር መቃን ላይ ስታሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያ ጠረኗን መቀባቷ ነው። እሱን እስክትጨርስ አንዲቷን ትንሽ ክፍል ብቻ ስጫት፣ በሩንም ዝጊ። ያችን ክፍል በበረኪና አትወልውይ። ውኃ ውስጥ ሲገባ ነጭ የሚሆነው ፀረ ጀርም ደግሞ ለድመት መርዝም ነው። ቡናሽን አፍይ፣ ዕጣኑ ግን ሳሎን ይሁን።

ለመጸዳጃ ዝቅ ያለ ሳፋ በቂ ነው። ቡሬ አክስትሽ ግቢ ሳለች የምትጸዳዳው አፈር ላይ ነበር፣ ስለዚህ ከሰጋቱራ ይልቅ አሸዋ ቶሎ ይገባታል። ከምግቧ አርቀሽ አስቀምጪው። ድመታችሁ ወንድ የሆነ አንባቢዎች ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ሳፋው ላይ ተቀምጦ እያማጠ ሽንት ካልወጣው ለነገ የሚባል አይደለም፣ ያኑ ዕለት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ልጁን ከክፍሉ አታባሪው፣ ሥራ ስጪው። ማታ ማታ ወለሉ ላይ ተቀምጦ የንባብ የቤት ሥራውን ጮክ ሳይል ያንብብላት። ወደሷ አያፍጥጥ። ዓይን ለዓይን ከተገጣጠሙ ቀስ ብሎ ይጨፍንና ይግለጥ። ይህን የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ሞክረውት፣ ድመቶቹ መልሰው ቀስ ብለው ጨፍነዋል፤ ባዕድ ሰው ሲያደርገውም ወደሱ ለመምጣት ተደፋፍረዋል። ልጆች ደግሞ ይህን ጨዋታ ይወዱታል። አንዳንዴ ቁራጭ ሳንባ ይወርውርላት፣ በየቀኑ ትንሽ ወደራሱ እያቀረበ። እጁን ግን አይዘርጋ፤ መጥታ የምታሸተው እሷ ነች።

የሌሊቱ ጩኸት ይቀንሳል። ከመኝታ በፊት በገመድ ወይም በካልሲ አጫውቺያት፣ ከዚያ አብያት። ስትጮህ ሄደሽ አትቆጪያት። እንድትተኛ ብለሽም የሰው መድኃኒት እንዳትሰጫት። ፓራሲታሞል፣ አንዷ ፍሬ እንኳን፣ ድመት ይገድላል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል? በሳምንት የምትወጣ አለች፣ ሁለት ወር የምትፈጅም አለች። ቡሬ አምስት ዓመት ከአንድ ሴት ጋር ብቻ ስለኖረች ሳምንት አትጠብቂ። ጅራቷን አቁማ ስትዘዋወር ካየሽ የክፍሉን በር ገርበብ አድርጊው።

ደጅ ግን ቢያንስ ለአንድ ወር የለም። ቀድማ ከወጣች የድሮ ሰፈሯን ፍለጋ ነው የምትሄደው፣ እዚያ ደግሞ የሚጠብቃት ሰው የለም። በረንዳውን በወንፊት ሽቦ አሳጥሪው፤ ድመት ከሦስተኛ ፎቅ ወድቃ መንጋጋዋንም እግሯንም ትሰብራለች። መብላቷ ሲስተካከል የእብድ ውሻ ክትባቷን አስወጊያት፣ በየዓመቱም ይደገም። የምታመጪያት ክዳን ባለው ቅርጫት ነው፤ ቅርጫቱን ከአሁኑ ክፍሏ ውስጥ ክፍት አድርገሽ አስቀምጪው፣ ትልመደው።