በበጋ ከጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃና የማይሞቀው መኝታ ቤት

አንዲት አንባቢ ከደብረ ብርሃን ጽፈውልኛል። ቤታቸው ብሎኬት ነው። ሳሎኑ ኮርኒስ አለው፤ የእናታቸው መኝታ ቤት ግን ባዶ ቆርቆሮ ነው። 2,000 ዋት ሂተር ቢገዙም ገና ሲጠፋ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። የኤክስቴንሽኑ ሶኬት ቀልጧል። በዚያ ላይ በታኅሣሥ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሱ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። «ቆርቆሮው ተበስቶ ይሆን? ወይስ ትልቅ ሂተር ልግዛ?» ይላሉ።

ቆርቆሮው አልተበሳም፤ ትልቅ ሂተርም አይግዙ። የሚንጠባጠበው የእናትዎ ትንፋሽ ነው። እርጥበቱ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ይወጣል፤ የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ይሆናል። በክረምት ደመናው እንደ ጋቢ ይሸፍነናል። በበጋ ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል የቆርቆሮው ሙቀት ሽቅብ ያመልጣል። እንዲያውም ሌሊት ላይ ቆርቆሮው ከውጭው አየር ይብስ ይቀዘቅዛል። የሂተሩም ሙቀት የሚሄደው በዚያው ነው። ቡና ሲፈላ የዕጣኑን ጭስ በዓይንዎ ይከተሉት፤ ግድግዳና ቆርቆሮ በሚገናኙበት ክፍተት ሲወጣ ያዩታል።

መፍትሔው ኮርኒስ ነው። በሞራሌ ላይ ችፑድ ማስመታት ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። አቅም ካለ ከላዩ ፋይበርግላስ (ሙቀት የሚያግድ ጥጥ መሰል ንጣፍ) ይነጠፍበት። ገለባ ግን አይሁን፤ አይጥ ይጠራል፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር ደግሞ ለእሳት ያጋልጣል። ብዙ ሠራተኛ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። መደፈን ያለበት ኮርኒሱ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ነው። ከኮርኒሱ በላይ፣ ቆርቆሮው ሥር ያለው ክፍተት ክፍት ይቆይ፤ እርጥበቱ መውጫ ይፈልጋል።

ሂተሩ በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል። ቀጭን ኤክስቴንሽን ይህን አይችልም። በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩት፤ ወደ ሶኬቱ የሚመጣው ገመድም 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መሆኑን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስፈትሹ። ሲተኙ ይንቀሉት። መጋረጃውን ቀን ለፀሐይ ይክፈቱ፣ ሳይመሽ ይዝጉ።

አልጻፉልኝም፤ ግን ልጠይቅዎ። ሌሊት ከሰል ታስገባላችሁ? እባክዎ ይቅር። ጭሱ ያለቀ ፍምም ይገድላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውምና የተኛ ሰው አይነቃም።

ኮርኒሱ እስኪሠራ ድረስ የእናትዎን አልጋ ወደ ሳሎን ያውጡት። ያው ሂተር እዚያ ይበቃቸዋል።