ፓች ክላምፕ ከሌለ ከትል ጀምሪ

ውድ ጠያቂያችን፣ በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ይዘሽ ሰበታ እንደምትኖሪ፣ የነርቭ መልእክተኞች የሚከፍቷቸውን ቻናሎች (በሴል ሽፋን ላይ ያሉ የአዮን መተላለፊያ ቀዳዳዎች) ማጥናት እንደምትፈልጊ ነግረሽናል። በአቅራቢያሽ ፓች ክላምፕ፣ ማለትም በቻናል የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጅረት የሚለካው መሣሪያ፣ ስለሌለም «መስኩን ልተወው ወይ?» ብለሻል። አትተዪው፤ ግን በሰው አእምሮ ሳይሆን በከብት ትል በኩል ግቢበት።

ከብት የሚወጋው የትል መድኃኒት አይቨርሜክቲን በትሏ ላይ ያለውን፣ በግሉታሜት የሚከፈት የክሎራይድ ቻናል ከፍቶ ይይዘዋል፤ ጡንቻዋ ይልፈሰፈሳል። ሌላው የትል መድኃኒት ሌቫሚዞል ደግሞ የአሴቲልኮሊን ሪሴፕተሯን (እሱም ቻናል ነው) ከፍቶ ያኮማትራታል። ሁለቱ ቻናሎች ዘመዳሞች ናቸው፤ አምስት ንዑስ ክፍሎች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ እያንዳንዱ የሴሉን ሽፋን አራት ጊዜ ያቋርጣል፣ ቀዳዳውን የሚከበው ሁለተኛው አቋራጭ ነው። ሦስተኛውን የትል መድኃኒት አልቤንዳዞልን እዚህ እንዳትደምሪው፤ እሱ የሚይዘው ቻናል ሳይሆን ቱቡሊን የሚባለውን የሴል አጽም ፕሮቲን ነው፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ብታምታቺው ያስገምትሻል።

ለጊዜው ላፕቶፕ ይበቃሻል። በ2011 የታተመውን፣ 3አርኤችደብልዩ (3RHW) የሚባለውን፣ የትል ክሎራይድ ቻናል አይቨርሜክቲን ይዞ የሚታይበትን መዋቅር ከፕሮቲን ዳታ ባንክ በነፃ አውርደሽ ካይሜራኤክስ (ChimeraX) በሚባለው የመዋቅር ማሳያ ፕሮግራም ክፈቺ። ለክሪስታሉ ሲባል የተጨመሩትን የፀረ እንግዳ አካል ቁርጥራጮች ደብቂያቸው፤ አለዚያ ቻናሉ አይታይሽም። አይቨርሜክቲኑ በሁለት ጎረቤት ንዑስ ክፍሎች መካከል፣ ሽፋኑ ውስጥ ተሸጉጦ ታገኚዋለሽ። የግሉታሜት ማረፊያ ግን ከላይ፣ ከሴሉ ውጭ ባለው ክፍል ነው።

ቀጥሎ የኔርንስትን ስሌት፣ ማለትም አንድ አዮን በየትኛው ቮልቴጅ ሚዛን ላይ እንደሚሆን የሚያሳየውን፣ በወረቀት ሥሪ። ክሎራይድ ውጭ 145፣ ውስጥ 10 ሚሊሞላር ከሆነ፣ በ37 ዲግሪ ሚዛኑ -71 ሚሊቮልት ገደማ ነው። በፓች ክላምፕ ሴሉ ላይ የሚለጠፈውን ቀጭን የመስታወት ቱቦ፣ ፒፔቱን፣ 145 ሚሊሞላር ክሎራይድ ባለው ፈሳሽ ብትሞዪውና ፈሳሹ ሴሉ ውስጥ ቢገባ ሚዛኑ 0 ይሆናል፤ በ-60 ሚሊቮልት ላይ ጅረቱ ይገለበጣል። ጀማሪ እዚህ ላይ ቻናሉን ይጠረጥራል፣ ጥፋቱ ግን የፈሳሹ ነው። አንድ ቀን መሣሪያው ፊት ስትቀመጪ፣ በፒፔቱ ጫፍና በሴሉ ሽፋን መካከል ያለው ማኅተም ለጅረት ያለው መቋቋም ከ1 ጊጋኦም አላልፍ ካለሽ መጀመሪያ የፒፔቱን ጫፍ ተመልከቺ፤ ቆሽሾ ይሆናል። ለየሙከራው አዲስ ፒፔት፣ በ0.2 ማይክሮን የተጣራ ፈሳሽ፣ ሴሉን እስኪነካ ድረስም ወደ ውጭ የሚገፋ ግፊት ያስፈልጋል።

በር ማንኳኳቱን ከሰፈርሽ ጀምሪ፦ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት፣ ቀጥሎ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ። ማመልከቻሽ ላይ «የነርቭ ሳይንስ እወዳለሁ» ብቻ አትበዪ። መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊትና ከ14 ቀን በኋላ በፋንድያ ውስጥ ያለውን የትል እንቁላል መቁጠር መማር እንደምትፈልጊ ጻፊ። ቅነሳው ከ95 በመቶ ካነሰ ትሉ መድኃኒቱን መልመዱ ይጠረጠራል፤ ቻናሉ ተለውጦ ይሆን የሚለው ጥያቄሽም የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።